የእማማ ትርንጎ ጠበልና የሞጣው ጌም

ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ተራራ ባለው አገር የጌም ማሽን ቁልፍ ሰብሮ የገባ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ፈረንጅ ስንት ዓመት ተጨንቆ፣ ስንት መሐንዲስ ቀልቦ የሠራውን መቆለፊያ እኔ ምሳዬን ሽሮ በልቼ፣ ጥርሴን እየፋቅሁ፣ በአንዲት ካቻቢቴ ፈታሁት። የፋብሪካው ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሐዘን ተቀምጠዋል ይባላል። ዝናዬ ደብረ ኤልያስ ደርሶ የቅኔ ተማሪዎች ስሜን በጉባኤ አንሥተውታል፤ ሮብ ገበያ ላይ ድንች የሚሸጡ ሴቶች እንኳ «ሰባሪው መጣ» ብለው መንገድ ይለቁልኝ ነበር።

ብቸና ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የነገርኳቸውም እኔው ነኝ፤ በጠላ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በእድር ስብሰባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሰው ሠርግ ላይ የሙሽራውን አባት ምርቃት አቋርጬ። ዛሬ ግን ዕድሜዬ ወደ ከሰዓቱ እያዘነበለ ስለሆነ አንድ ነገር ላርም። የሰበርኩት ቁልፍ የለም። ማሽኑ ተሰብሮ ነው የመጣልኝ።

ይህን እንዳወጣ ያደረገኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ለጓደኛዬ እናት ለእማማ ትርንጎ ሙት ዓመት ሞጣ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ስወጣ ከአንዲት የሞባይል ጥገና ደጃፍ የቀለጠ የመበየጃ ሊድ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ሊድ ሲቀልጥ የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሙጫና ብረት አንድ ድስት ውስጥ ያረሩ ዓይነት ነው። ሌላው ሰው የድሮ ሽታ ሲያገኘው የልጅነት ፍቅረኛው ትዝ ትለዋለች ይላሉ። እኔን ትዝ ያለችኝ አንዲት ዶሮ ናት። ዶሮዋ ዘንድ እንደርሳለን፤ መንገዱ ግን በጌም ቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ያን ጊዜ አስፋልት ወደ እኛ አገር ዞር ብሎ ማየትም አይፈልግም ነበር። ከብቸና ሞጣ ለመሄድ አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ይጫናል፤ ደብረ ወርቅ ላይ ወርዶ አቧራ ይራገፋል፣ ከዚያ አዲስ አቧራ ይለበሳል። ሞጣ ስንገባ ረዳቱ ሰውን ከጆንያ የሚለየው በጥፊ ነበር፤ «ኧረ!» ያለው ሰው ነው። አሁን በሚኒባስ ተቀምጬ፣ በመስኮት የጮቄን ጭጋግ እያየሁ፣ ገና እንቅልፍ ሳይወስደኝ ሞጣ ደረስኩ። የዛሬ ወጣት ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ይገርማል?» ይላል። አይገርምም፤ እሱ በጥፊ አልተለየም።

የዘመኑ ልብስ ሰፊ ጂንስ ነበር። ከስፋቱ የተነሣ አንዱ እግሩ ብቻውን ለአንዲት ልጃገረድ ቀሚስ ይወጣው ነበር። ላይ ደግሞ ቆዳ ጃኬት፣ እሱም ብዙ ጊዜ የዘመድ፤ ብቸና ውስጥ በአጠቃላይ አራት ጃኬት ነበረ፣ እሱን ነበር በየተራ የምንለብሰው። ከገበያው በላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ጠዋት የጀመረውን ዘፈን ማታ ይጨርሳል። ካሴቱ ሲነክስ ባለቤቱ ክሩን መዞ በእስክርቢቶ ሲያጠነጥን ሰፈሩ በሙሉ በጭንቀት ዝም ይላል። ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ደግሞ አክስቴ ከእህል ያስለቀቀችልኝ አንዲት ክፍል፤ የእኔ ጌም ቤት። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ዙር ጌምም በሃምሳ ሳንቲም ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበትና ሻይ ቤቶች ሁሉ በዓይነ ቁራኛ ያዩኝ ነበር። ከወፍጮው የሚመጣው ዱቄት ተጫዋቹን አልብሶ ስለሚያስወጣው እናቶች «የት ዋልክ?» ብለው መጠየቅ አያስፈልጋቸውም፤ ፀጉሩን አይተው ይመቱታል።

አሁን ስለ ቁልፉ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ኃጢአቴ አይገባችሁም። እነዚያ ማሽኖች ውስጣቸው ዘበኛ አለ። ዲስክ ስታስገባለት በመጀመሪያ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ፋብሪካው በዋናው ዲስክ ላይ ብቻ ያተመው፣ ዓይን የማያየው፣ ቢገለብጡት አብሮ የማይገለበጥ ማኅተም አለ። ማኅተሙን ካገኘ ያሳልፈዋል፤ ካጣ ስክሪኑን አጥቁሮ ይተኛል። በእኛ አገር ደግሞ ዋና ዲስክ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ኮፒ ነው፤ የኮፒ ኮፒ፣ በላዩ በማርከር «ኳስ» ተብሎ የተጻፈበት። ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ማሽኑን ከፍተው ከጥፍር ያነሰች ቺፕ ይበይዱበታል። የቺፗ ሥራ ውሸት ብቻ ነው። ዘበኛው «የማን ልጅ ነህ?» ባለ ቁጥር እሷ ቀድማ «የቤት ልጅ ነው፣ አሳልፈው» ትላለች። ያቺ ቺፕ ሰው ብትሆን ኖሮ እኔን ትሆን ነበር።

እኔ መርካቶ የገዛሁት ማሽን ቺፗን በሆዱ ይዞ ነው የተሸጠልኝ። ሻጩ ይህን ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ብቸና ስገባ ግን ወጣቱ ሁሉ ከቦኝ «ይኼ እንዴት ኮፒ ያጫውታል?» ሲል፣ «ገዝቼው ነው» ማለት ምን ጣዕም አለው? «ሰበርኩት» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። እሷን ለመደገፍ ሌላ ጨመርኩ፤ እሷንም ለመደገፍ ካቻቢቴ ገዝቼ በሸሚዜ ኪስ እንደ እስክርቢቶ ሰክቼ መሄድ ጀመርኩ። በዚያው ሰባሪው ተባልኩ።

ስማቸው የሚባለው ጓደኛዬ የመጣው በዚህ ስም ተስቦ ነው። የሞጣ ልጅ ነው፤ አጎቱ ጋ ተቀምጦ ብቸና ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተምሯል። ማትሪክም አብረን ወድቀናል፤ እሱ በትንሹ፣ እኔ በሰፊው። ከዚያ በኋላ ሞጣ ተመልሶ ከእናቱ ከእማማ ትርንጎ ጋር ተቀምጦ ሱዳን ሱዳን ማለት ጀመረ። ታላቅ እኅቱ እናትነሽ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበርና ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ከደመወዟ አጠራቅማ አንድ የጌም ማሽን ገዛች፤ ወደ አገር ለምትመለስ ጓደኛዋ አሸክማ ላከችለት። አብሮ የተላከው መልእክት አጭር ነው፤ «በዚህ ሠርተህ ብላ። በረሃውን እርሳው። እማዬን ብቻዋን እንዳትተዋት።» እንግዲህ ያ ማሽን መጫወቻ አልነበረም፤ ስማቸውን ከእናቱ ደጅ ያሰረ ገመድ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። እንደማውቅ እንዲታወቅልኝ ነው አሁን የምጽፈው።

አንድ ቀን ስማቸው ከአይሱዙ ሳይወርድ ገና ከላይ ሆኖ ጠራኝ።

«ሰባሪው! ጉድ ሆኛለሁ!»

«ምነው ሸጋው፣ ምን ነካህ?»

«ያ ማሽን ከአንድ ዲስክ በቀር አልቀበልም አለ። አብሮት የመጣውን የመኪና እሽቅድምድም ብቻ! የሞጣ ልጅ የሚፈልገው ኳስ ነው። መኪና ሲገለበጥማ በየሳምንቱ በነጻ ያያል።»

«ኮፒ ስታስገባለትስ?»

«ጥቁር ብሎ ዝም። ተማሪ ያስቀየመው የቅኔ መምህር ነው የሚመስለው።»

«ቀላል ነው» አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ «ቀላል ነው» ብያለሁ፤ ቀላል ሆኖ የተገኘ የለም።

አብሬው ሞጣ ሄድኩ። እማማ ትርንጎን ያኔ ነው ያወቅኋቸው። አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው የሚታጠቁ፣ ሲናገሩ ዓይናቸው ቀድሞ የሚስቅ ሴት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«የተቆለፈውን ሁሉ የምትፈታው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሰይ። እንግዲህ ማሽኑን ስትጨርስ የጎረቤቴን አፍ ትፈታልኛለህ፤ ከተኳረፍን ከረምን።»

ያን ቀን አላፈርኩም። መርካቶ ያለው ሻጭ ቺፕ ለሌለው ማሽን የሚሆን አንድ ዘዴ በጨዋታ ነግሮኝ ነበር። ክዳኑ ሥር ያለችውን ትንሽ መጫኛ በክብሪት እንጨት ደገፍኳት፤ ማሽኑ ክዳኔ ተዘግቷል ብሎ አመነ። የመኪናውን ዋና ዲስክ አስገብቼ አበራሁት። ዘበኛው ማኅተሙን አየ፣ አሳለፈ። ዲስኩ መሽከርከሩን ረገብ ሲያደርግ በሁለት ጣቴ ላፍ አድርጌ አወጣሁትና ኮፒውን ጣል አደረግሁበት። ዘበኛው አንዴ ካሳለፈ በኋላ ዞር ብሎ አያይም። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ሲል በር ላይ የቆመው ጎረምሳ ሁሉ እልል አለ። እማማ ትርንጎ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼማ ዲያቆኑን ከፊት አስቀድሞ ሌባ ከኋላ ማስገባት ነው።»

«ሌባ አይደለም እማማ፣ ኳስ ተጫዋች ነው» አልኳቸው።

«የሚሮጠው እንደ ሌባ ነው» አሉና ሳቁ።

ስማቸው ዘዴውን ተማረ፤ ቤቱም ሞላ። ሱዳን የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ለእናቱ አዲስ ጫማ ገዛ፣ ከቤሩት ስልክ ሲመጣ ቴሌ ድረስ እየሮጠ ሄዶ «እቴቴ፣ ኑሮ ሸጋ ነው» ይል ጀመር። ችግሩ የሞጣ መብራት ነበር። በቀን እንደ ልቡ ይጠፋል፣ እንደ ልቡ ይመጣል። በጠፋ ቁጥር ማሽኑ እንደገና «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፤ ዋናው ዲስክ እየተሽከረከረ ይገባል፣ እየተሽከረከረ ይወጣል። አንድ ክረምት ሳይሞላው የዲስኩ ፊት በሬ ያረሰው ማሳ መሰለ። እሱ ካለቀ በሩን የሚያስከፍት የለም።

ስማቸው እንደገና ብቸና መጣ። በዚህ ጊዜ ከአይሱዙው ወርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ዝግ ብሎ ነው የተናገረው።

«እንደ ራስህ ማሽን ለዘለቄታው ስበርልኝ። ቺፗን አስገባልኝ።»

«አዲስ አበባ ብንልከውስ?» አልኩት። ይህን ማለቴን እግዜር ይመዝግብልኝ፤ ሌላ የሚመዘገብልኝ የለኝም።

«ቢቀይሩብኝስ? እኅቴ በላቧ ያመጣችውን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። አንተን ነው የማምነው። የራስህን በራስህ እጅ ሰብረሃል አይደል?»

እዚህ ላይ «አይደለም» የሚባል ቃል አለ። በአማርኛ አጭር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። አክስቴ ከጓሮ ሆና እየሰማች ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች በር ላይ ቆመው ካቻቢቴዬን በአድናቆት ያያሉ። «ሰብሬያለሁ እንጂ» አልኩ።

ቺፗን መርካቶ ያለው ሻጭ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ላከልኝ፤ ሽቦዎቹ የት የት እንደሚበየዱም ወረቀት ላይ ሥሎ ነጥብ አድርጎበታል። ከእሱ ጋር አንድ ምክር በቃል ልኮ ነበር። ምክሩን ሹፌሩ በትክክል አድርሷል፤ እኔ ደግሞ በትክክል ናቅሁት። ምን እንደሆነ በኋላ ትሰማላችሁ።

ሞጣ የገባሁት የወሩ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ስለነበር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሄዷል፤ «ሰባሪው ማሽኑን ኦፕራሲዮን ሊያደርግ ነው!» ጎረምሳው በር ላይ ተደርድሯል፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤት መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰክቶ መጥቷል። መብራት የለም። ሊድ የሚያቀልጠውን ብረት ከሰል ላይ ጣድኩት። እንደ ትልቅ ሐኪም ጫማዬን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ፊት ለፊቴ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሥሩ እማማ ትርንጎ ለእሱ ብለው የጠለፉት አበባ ያለበት ጨርቅ ተነጥፏል። አንድ በአንድ ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ውስጡን ሳይ እኔም ያዝኩ፤ በሕይወቴ የማሽን ሆድ ያየሁት ያን ቀን ነው። የሻጩን ነጥቦች አየሁ፣ ማሽኑን አየሁ፣ እንደገና ነጥቦቹን አየሁ። የሚመሳሰሉ አልመሰሉኝም። ግን ሰው ይመለከተኛል፤ ብረቱን ከፍሙ አንሥቼ «ሸሽ በሉ፣ ብርሃን አትከልክሉኝ» አልኩ።

ብረቱን ወደ ውስጥ ሳስገባና መብራት ሲመጣ አንድ ሆነ።

«መብራት መጣ!» አለ ጎረምሳው በአንድ ድምፅ፤ እልልታው ሳያልቅ ከማሽኑ ሆድ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፣ ጧ አለ፣ ጭስ ተነሣ። ብረቱን ጣልኩ። ጭሱ ያ ሽታ ነበረው፤ ሙጫና ብረት፣ በላዩ ደግሞ ሌላ የከፋ ነገር።

«ሶኬቱ! ሶኬቱ ተነቅሏል አይደል?» አለ ስማቸው።

ገመዱን ከወለሉ ላይ አንሥቼ ጫፉን አሳየሁት። «ይኸው! እንዲህ ያለውን ለእኔ ትነግረኛለህ?»

«ታዲያ ምን አቃጠለው?»

ሁሉም እኔን ያያል። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ከማሽኑ ሥር ያለው ጨርቅ ላይ አረፈ። የጨርቁ ጠርዝ ላይ እዚህም እዚያም የውኃ ጠብታ አለ። ጠብታዎቹ ከማሽኑ ይርቃሉ፤ ግን ጠብታ ናቸው።

«ውኃ» አልኩ። «ውኃ ነክቶታል። ውኃ የነካ ማሽን ደግሞ በምን ይድናል!»

ከጓዳው በር ላይ ድምፅ መጣ። «እኔ ነኝ» አሉ እማማ ትርንጎ። ጠርሙሱ አሁንም በእጃቸው ነው። «ከጊዮርጊስ ስመለስ ረጨት አደረግሁበት። ጠበል ነው እኮ ልጄ። ሊከፍተው ነው ሲሉ ሰምቼ፣ እጅህ እንዲቃናልህ ብዬ…»

«እማዬ! ምን አደረግሽ!» አለ ስማቸው። በእናቱ ላይ ሲጮህ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱ ራሱም በድምፁ ደነገጠ። እማማ ትርንጎ መጥተው ተንበረከኩና በነጠላቸው ጠርዝ ጨርቁን ማድረቅ ጀመሩ። የደረቀውን ቦታ ጭምር ደጋግመው አደረቁት። እኔ፣ እግዜር እያየኝ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ አየሁ። ያን ጊዜም «አይደለም» የሚባለው ቃል አጭር ነበር።

ስሰናበት እማማ ትርንጎ አንዲት ቀይ እንቁላል ጣይ ዶሮ እግሯን አስረው ይዘው ወጡ።

«ይዘሃት ሂድ፣ ልጄ። ከሩቅ አገር መጥተህ ድካምህን ከንቱ አስቀረሁብህ።»

«ኧረ እማማ፣ ይተዉት…»

«በጊዮርጊስ! እምቢ አትበለኝ። ቅር ይለኛል።»

ቅር እንዳይላቸው ተቀበልኩ። ዶሮዋ አይሱዙው ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። ከሞጣ እስከ ብቸና እንደዚያች ዶሮ አድርጎ የተመለከተኝ ፍጡር የለም፤ ዳኛም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ ሞጣ ሥራ አገኘች። ጠበል ማሽን ያቃጥላል ወይስ አያቃጥልም? ጠላ ቤት፣ ገበያ፣ ደጀ ሰላም ሁሉ ክርክሩ እሱ ሆነ። አንድ ቀልደኛ ደብተራ «ማሽኑ ክርስትና ተነሥቶ ወዲያው ዐረፈ፤ የታደለ ነው፣ ኃጢአት ሳይሠራ ሄደ» አለ። ሌሎቹ ግን ከልባቸው አሰቡበት። ጠበል ክፉውን እንጂ ደጉን አይጎዳም፤ ማሽኑ በጠበል ከተቃጠለ ማሽኑ ውስጥ የነበረው ክፉ ነው ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ከተባለ በኋላ ስማቸው ሌላ ማሽን ቢያመጣስ የትኛዋ እናት ልጇን ትልካለች? ቤቱ ተዘጋ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ስማቸው ወደ ሁመራ ወረደ፤ ከዚያም ሱዳን ተሻገረ። ገመዱ ተበጠሰ። እማማ ትርንጎ ብቻቸውን ቀሩ። የንስሐ አባታቸው «ጠበል ክፉ አያደርግም፣ አትጨነቂ» ቢሏቸውም አልተጽናኑም፤ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ስግደት ጨምረው ጉልበታቸው እስኪላጥ ይሰግዱ እንደነበር ከሞጣ የመጣ ነጋዴ አጫወተኝ። እኔ የሰማሁት ጌም ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዝናዬ ደግሞ፣ አይገርማችሁም፣ ጨመረ። «የሞጣውንም ይሰብረው ነበር፤ ጠበል ባይቀድመው!» ይሉ ነበር ብቸናዎች። እኔም በትሕትና ራሴን ዝቅ አደርግ ነበር።

ዘመኑ አለፈ። ሰፊው ጂንስ ጠበበ፣ ካሴት ቤቱ ፀጉር ቤት ሆነ፣ ጌሙም ስልክ ውስጥ ገብቶ እኔን ከሥራ አስወጣኝ። ስማቸው ወባ ይዞት፣ አጥንቱ ቆዳ ለብሶ ተመለሰ፤ ቀስ በቀስ አገግሞ ቆርቆሮና ሚስማር መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ቦርጭ አለው፣ ልጆችም አሉት። እናትነሽም ተመልሳ ከእናቷ ጋር ተቀመጠች። እማማ ትርንጎ አምና ዐረፉ። ለሙት ዓመቱ ስማቸው ደውሎ «አንተ ሳትኖር አይሆንም» ሲለኝ፣ በዚህ እንኳ እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ በልቤ ምዬ ሄድኩ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ከበላን በኋላ እንደ ወጉ የእማማ ትርንጎ ነገር እየተነሣ ሰው ማውራት ጀመረ። ስማቸው ተራውን ያዘ።

«አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተን የገባን ዕለት እማዬ የጠበል ጠርሙሷን ይዛ ከቤት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ የሚያድረው ውጭ፣ ከጣራው ሥር ነው። ስልክ ሲጮህ እንኳ እጇን በነጠላዋ ሳታደርቅ አታነሣም። 'ይኼንንም እንዳልገድልባችሁ' ትላለች!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ወጣት ቄስ ግን ፈገግ ብቻ ብለው ጠየቁ፤ «ለመሆኑ እውነት ጠበሉ ነው ያቃጠለው?»

«ሰባሪው እዚሁ አለ አይደል!» አለ ስማቸው ወደ እኔ እየጠቆመ። «በቦታው ነበር። እሱ ይመስክር!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ግን ፊታቸው ሁሉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሊስቅ የተዘጋጀ ፊት ካየሁ ደግሞ ራሴን መግዛት አልችልም። «አባቴ» አልኩ፣ «ማሽኑ ሙቅ አገር ያደገ ነው። የሞጣ ጠበል ሲነካው ብርድ መታውና ሞተ።» ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ።

እናትነሽ አልሳቀችም። ውኃና ሳህን ይዛ ልታስታጥበኝ መጣች፤ እያፈሰሰች ዝቅ ባለ ድምፅ አወራችኝ።

«ታማ የተኛች ጊዜ ቄስ ጠርተንላት ነበር፣ ወንድሜ። ጠበል ሊረጯት ሲሉ እጃቸውን ያዘች። 'ቆይ አባቴ፣ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ያውጡት፤ የልጄን ላብ አንዴ ከንቱ አድርጌዋለሁ' አለች። አወጣነው። እኔ እኮ ስለዚያ ማሽን ተቀይሜያት አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ። ግን አላመነችኝም።»

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ» አልኩ። እጄን ደጋግሜ አሸሁት። ሌላ የምለው ነበረኝ።

ስማቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ከኋላው የነበረች ካርቶን አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ካርቶኗ ተንቀሳቀሰች።

«ምንድን ነው?»

«ዶሮ ናት። እማዬ እስክታርፍ ድረስ 'የዚያን ልጅ ድካም ከንቱ አስቀረሁበት፤ አንድ ዶሮ ምን ትሆነዋለች' ትል ነበር። እንግዲህ የእሷን ቃል መፈጸሜ ነው። እምቢ እንዳትለኝ፣ ቅር ይለኛል።»

ይህን የምጽፈው ስማቸው፣ እናትነሽና ያ ወጣት ቄስ እንዲያነቡት ነው፤ ፊታቸውን እያየሁ ብናገር እንደገና ቀልድ እንደሚያመልጠኝ ስለማውቅ። መርካቶ ያለው ሻጭ በሹፌሩ የላከብኝ ምክር «ካቻቢቴ ከማንሣትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል» የሚል ነበር። መብራት ስላልነበረ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት። መብራቱ ሲመጣ ሶኬቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነበር። ሰው ሁሉ ጭሱን ሲያይ ጫማዬን አውልቄ ስለነበር ገመዱን በእግሬ ጣቶች ቆንጥጬ ሳብኩትና ነቀልኩት፤ ከዚያ ለስማቸው አነሣሁና አሳየሁት። የእማማ ትርንጎ ጠበል ጨርቁን አርጥቧል እንጂ ማሽኑ ዘንድ አልደረሰም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ዶሮዎች ተቀብያለሁ፤ የመጀመሪያዋን በልቻታለሁ፣ ሁለተኛዋ ዛሬ ጠዋት እንቁላል ጥላልኛለች።